የሬዲዮ መቀበያና ማሰራጫ በቤት ውስጥ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሬዲዮ በእጃቸው መሥራት የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

ኤሌክትሮኒክስ ሳልማር ሬዲዮ መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የመጀመሪያዋ ሬዲዮ የምትፈልገው ጥቂት ዕቃ ነው፦ ጥቅል ሽቦ (ኮይል የምንለው)፣ ካፓሲተር፣ ዳዮድ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ አንቴናና ግራውንድ (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ሽቦ)። ሶልደር (ሽቦን በቀለጠ ብረት ማጣበቂያ) ሳትነኩ ሽቦ ከሽቦ ጠምዝዛችሁ ልታሰሟት ትችላላችሁ። ለመነሻ ትምህርት ቤት የተማራችሁት የኦም ሕግ ይበቃል። ቀሪው እየሠሩ የሚለመድ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን የሚጠቅማችሁ አንድ ልማድ አለ። የምትሠሩትን በደብተር ሣሉት፤ ስንት ዙር እንደጠቀለላችሁ፣ የትኛውን ካፓሲተር እንደተጠቀማችሁ ጻፉ። ነገ ሳይሠራ ሲቀር የት እንደተቀየረ የሚነግራችሁ ያ ደብተር ነው።

በመቀበያ ልጀምር ወይስ በማሰራጫ?

በመቀበያ። ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ልቡ ማሰራጫው ላይ ነው፤ የራሱን ድምፅ በሬዲዮ መስማት ይፈልጋል። ፍላጎቱ ይገባኛል። ነገር ግን መቀበያ ስትሠሩ ብትሳሳቱ የሚመጣው መዘዝ ምንም አለመስማት ብቻ ነው። ማሰራጫ ላይ ብትሳሳቱ ጎረቤታችሁ የሚከታተለውን ጣቢያ ትዘጋላችሁ። ሲብስ ደግሞ አውሮፕላን አብራሪ የሚሰማበትን ሞገድ ትረብሻላችሁ። አየሩ የጋራ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ደህና መቀበያ ከሌላችሁ ማሰራጫችሁ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ እንዳለ፣ ድምፁ ይጥራ አይጥራ፣ ባልታሰበ ቦታም ይውጣ አይውጣ ማወቂያ የላችሁም። መቀበያውን የሠራ ሰው ማሰራጫው ግማሽ አልቆለታል። ኮይሉም ካፓሲተሩም የሚሠሩት በአንድ ሕግ ነውና።

ያለ ባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ክሪስታል ሬዲዮ ይባላል። ኃይል የሚያገኘው ከራሱ ከጣቢያው ሞገድ ነው። ጣቢያው በኪሎዋት የሚቆጠር ኃይል ወደ አየር ይለቃል፤ አንቴናችሁ ከዚያ ውስጥ ኢምንት ታህል ይቀበላል። ያቺ ኢምንት ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ለማንቀሳቀስ ትበቃለች።

ጣቢያ የሚመርጡት ኮይሉና ካፓሲተሩ ናቸው። የተቃኘ ክራር አጠገብ ሆናችሁ ብታዜሙ የናንተን ቃና የሚጋራው ክር ብቻ አብሯችሁ ይርገበገባል። እነዚህም ሁለቱ ከሚደርሳቸው ሞገድ ሁሉ የተቃኙበትን ብቻ አጉልተው ይይዛሉ። 240 ማይክሮሄንሪ (የኮይል መለኪያ) ኮይል ከ365 ፒኮፋራድ (የካፓሲተር መለኪያ) ካፓሲተር ጋር ስታገናኙ 540 ኪሎኸርዝ አካባቢ ላይ ትሆናላችሁ፤ ይህ የመካከለኛው ሞገድ መጀመሪያ ነው። ካፓሲተሩን እያዞራችሁ ስትቀንሱ ፍሪኩዌንሲው ይወጣል፤ 1600 ኪሎኸርዝ ድረስ ትደርሳላችሁ።

የዳዮዱ ሥራ ሌላ ነው። የኤኤም ሞገድ ወደ ላይና ወደ ታች እኩል ስለሚወዛወዝ በቀጥታ ማዳመጫው ላይ ብትለቁት ላዩና ታቹ ተጣፍቶ ምንም አይሰማም። ዳዮዱ ግማሹን ቆርጦ ሲያስቀር ንግግሩና ዘፈኑ ይወጣል። ኤኤም ብቻ ነው በዚህ መንገድ የሚሠራው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት በተራ ሬዲዮ መካከለኛ ሞገዱን ቀንም ማታም ዞሩት። በአካባቢያችሁ ጎላ ብሎ የሚሰማ ጣቢያ ከሌለ ክሪስታሏ ብቻዋን ምንም ማድረግ አትችልም። በአውሮፓ ለምትኖሩ ይህ በተለይ ያሳስባል። በጀርመን ለምሳሌ የሕዝብ ጣቢያዎቹ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ መካከለኛ ሞገዳቸውን ዘግተዋል። አሜሪካ ያላችሁ ግን አሁንም ብዙ ኤኤም ጣቢያ አላችሁ።

ዕቃውን ከየት ላግኝ?

ከተበላሸ ሬዲዮ። አንድ አሮጌ ሬዲዮ ወይም ቴፕ ስትፈቱ ጣቢያ የሚያዞረውን ቫሪያብል ካፓሲተር፣ ሽቦ የተጠመጠመበትን ጥቁር የፌራይት ዘንግ፣ ስፒከሩን፣ የድምፅ መቆጣጠሪያውን፣ እድል ከቀናችሁም ጀርማኒየም ዳዮዱን ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ለሚኖር መርካቶ ምናለሽ ተራን መዞር አይከፋም። የሰፈር ሬዲዮ ጠጋኝም ለመለዋወጫ ያስቀመጣቸው አሮጌ ቦርዶች አይጠፉትም። ወዳጅ አድርጉት፤ ከዕቃው በላይ ምክሩ ይጠቅማችኋል።

ለኮይል የሚሆነውን ቀይ ሽቦ፣ ማለትም ላዩ በቫርኒሽ የተሸፈነውን መዳብ፣ ሞተር ከሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ጠይቁ። ዳዮዱ ጀርማኒየም ቢሆን ይመረጣል፤ 1ኤን34ኤ የታወቀው ነው። ጀርማኒየም ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ላይ መሥራት ሲጀምር በየቦርዱ የሚገኘው ሲሊከን ዳዮድ 0.6 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። ደካማ ጣቢያ ያን ያህል ቮልት አይሰጣችሁም። ጀርማኒየም ካጣችሁ እንደ ቢኤቲ46 ያለ ሾትኪ ዳዮድ ይተካዋል።

ኮይሉን እንዴት ልጠቅልል? ስንት ዙር?

የሶፍት ውስጡን ካርቶን ውሰዱ። ስፋቱ 4 ሴንቲሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ ያለፈ ከሆነ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ሽቦ 100 ዙር ስትጠቀልሉ 230 ማይክሮሄንሪ አካባቢ ታገኛላችሁ። የምትፈልጉትም እሱን ነው። ወደ 14 ሜትር ሽቦ ይፈጃል፤ ጥቅሉ ራሱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ይረዝማል።

አጠቃለሉ ላይ አትቸኩሉ። የካርቶኑ ጫፍ አጠገብ በመርፌ ሁለት ቀዳዳ ብሱና ሽቦውን አስገብታችሁ መልሳችሁ አውጡት፤ እንዳይላቀቅ ይይዘዋል። የሽቦውን ሌላኛ ጫፍ የበር እጀታ ላይ እሰሩ። ከዚያ ካርቶኑን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ፣ ሽቦውን ወጠር አድርጋችሁ፣ ካርቶኑን እያዞራችሁ ወደ በሩ ሂዱ። ዙሮቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው ይቀመጣሉ። በየ10 ዙሩ ትንሽ ቀለበት ጠምዝዛችሁ አስቀሩ፤ በኋላ አንቴናውን ወይም ዳዮዱን የት ላይ ብታገናኙ እንደሚሻል የምትሞክሩት በእነዚህ ቀለበቶች ነው። ሲያልቅ በሻማ ሰም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ እርጥበት አይገባውም፣ ዙሩም አይንሸራተትም።

ጫፎቹንና ቀለበቶቹን በምላጭ ፋቁ። ቫርኒሹ ቀለሙ ከመዳቡ ጋር ስለሚመሳሰል የተፋቀ ይመስላል እንጂ አልተፋቀም። የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪታይ ድረስ ዙሪያውን ፋቁት፤ ከዚያ በቴስተር ከጫፍ እስከ ጫፍ መገናኘቱን አረጋግጡ።

አንቴናውን የት ልዘርጋ? ግራውንድስ ግድ ነው?

ለክሪስታል ሬዲዮ ሁለቱም ግድ ናቸው። ከ15 እስከ 20 ሜትር የሚሆን ሽቦ ከቤቱ ወደ ዛፍ ወይም ወደ ምሰሶ ዘርጉ። ከቆርቆሮው ጣሪያ ራቅ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ይሁን። የመብራት መስመር ከላይም ከታችም ከጎንም አጠገቡ አይኑር፤ ቢበጠስ እንኳ መስመሩ ላይ የማይወድቅበት ቦታ ምረጡ። ለግራውንድ እርጥብ አፈር ውስጥ አንድ ሜትር ያህል የሚገባ ብረት ቅበሩ። የድሮ የብረት ውኃ ቧንቧም ይሆናል። አዳዲሶቹ ቤቶች ቧንቧቸው ፕላስቲክ ስለሆነ አይረዳም። አንዳንድ ሰው የግድግዳ ሶኬት ውስጥ ሽቦ ከትቶ እንደ አንቴና ወይም ግራውንድ ይጠቀማል። በፍጹም አታድርጉት። 220 ቮልት ነው፤ ይገድላል።

ክረምት ሲገባ መብረቁን አስቡ። ሬዲዮውን ሰምታችሁ ስትጨርሱ ሁልጊዜ አንቴናውን ነቅላችሁ ከቤት ውጭ ከግራውንዱ ጋር እሰሩት። ነጎድጓድ ከጀመረ በኋላ ግን ሽቦውን ለመንቀልም ቢሆን አትንኩት።

ኮንዶሚኒየም ላይ ለሚኖር ረጅም ሽቦ መዘርጋት ከባድ ነው፤ የኮንክሪቱ ብረትም ሞገዱን ያዳክመዋል። እንዲህ ከሆነ ክሪስታሏን ትታችሁ በፌራይት ዘንግ የሚሠራ፣ በአንድ ድንጋይ ባትሪ የሚነሳ መቀበያ ሥሩና መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። አሠራሩ ከታች አለ።

ሁሉን አገናኝቼ ምንም አልሰማሁም። ችግሩ ምን ይሆን?

መጀመሪያ ማዳመጫችሁን ጠርጥሩ። የስልክ ኢርፎን 16 ወይም 32 ኦም ነው፤ ለዚህ ሬዲዮ በጣም ዝቅተኛ ነው። የሚያስፈልገው እንደ ድሮው የ2000 ኦም ማዳመጫ ወይም ፒዞ የሚባለው የጆሮ መስሚያ ነው። ፒዞ ከሆነ ግን አጠገቡ ከ47 እስከ 100 ኪሎኦም ሬዚስተር አገናኙለት፤ አለዚያ ቻርጁ የሚወጣበት ስለሌለው ድምፁ ይዛባል ወይም ይጠፋል። መስሚያው መሥራቱን ለማወቅ ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ሽቦዎቹን በአንድ የባትሪ ድንጋይ ጫፍና ጫፍ ነካ ነካ አድርጉ፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ደህና ነው።

ቀጥሎ ያልተፋቀ ሽቦ። ቀጥሎ ግራውንድ። ዳዮዱ የትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ይሠራል፤ እሱን እያገላበጣችሁ ጊዜ አታጥፉ።

አንድ ሰው ብቻ ከሚሰማ በስፒከር እንዲሰማ ማድረግ አይቻልም?

ይቻላል፤ ባትሪ ግን ያስፈልጋል። ለዚህ የምወዳት ቺፕ ቲኤ7642 ናት። መልኳ ትራንዚስተር ነው፣ እግሯም ሦስት ነው፤ ውስጧ ግን ኤኤም የሚያጎላና የሚለይ ሙሉ ሰርኪዩት አለ። በ1.5 ቮልት ትሠራለች። የፌራይት ዘንግ፣ ቫሪያብል ካፓሲተር፣ ሁለት ሦስት ተጨማሪ ዕቃ ነው የምትጠይቀው። ቮልቱን ከፍ ብታደርጉባት ታፏጫለች፤ ስለዚህ ከአንድ ድንጋይ አትለፉ።

ከእሷ የሚወጣውን ደካማ ድምፅ ኤልኤም386 ለሚባለው ማጉያ ስጡት። 8 እግር ያላት ርካሽ ቺፕ ናት። በ6ኛው እግር ባትሪ ይገባል፤ 9 ቮልት ጥሩ ነው። በ5ኛው በኩል በ220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርጎ ለ8 ኦም ስፒከር ይወጣል። እንዲሁ ስትተዋት 20 እጥፍ ታጎላለች። በ1ኛውና በ8ኛው እግር መሀል 10 ማይክሮፋራድ ስታስገቡ 200 እጥፍ ይሆናል። ጀማሪ 200ውን ይወዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፏጨውም የሚያጓራውም በዚያው ምክንያት ነው። በ20 ጀምሩ። ባትሪው የሚገባበት እግር አጠገብም 100 ማይክሮፋራድ አስቀምጡ።

ሬዲዮው ይሠራል፤ ግን ከጣቢያው ይልቅ ጩኸቱ ይበልጣል። ከምን ነው?

ከቤታችሁ ነው። የስልክ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል፣ የቲቪና የላፕቶፕ ኃይል ሰጪ ሁሉም በውስጣቸው በፍጥነት የሚያበራና የሚያጠፋ ሰርኪዩት አለ፤ ያ መካከለኛ ሞገድ ላይ ጩኸት ይረጫል። መብራት ሲጠፋ ሬዲዮውን ክፈቱት። ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ሲል ቀን የማይታወቅ ጣቢያ ጥርት ብሎ ይመጣል። ለመካከለኛ ሞገድ አድማጭ ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም፤ በተለይ ማታ ከሆነ። ፀሐይ ስትጠልቅ ቀን ቀን ሞገዱን የሚውጠው የከባቢ አየር ንብርብር ይከስማል። ያኔ የሩቅ አገር ጣቢያ ከላይ ተንጸባርቆ ይደርሳል።

መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ካልፈለጋችሁ አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ጥፋተኛውን ፈልጉ። የፌራይት ዘንጉንም አዙሩት፤ ጩኸቱ የሚደክምበት አቅጣጫ አለው።

ብሬድቦርድ (ዕቃ ያለ ሶልደር የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) ላይ የሠራሁት ሰርኪዩት ለምን ይቀያየራል? ሶልደር ላይስ ምን ልጠንቀቅ?

ብሬድቦርድ ለድምፅ ማጉያ ምንም አይልም። ለመካከለኛ ሞገድም ይታገሣል። ወደ 100 ሜጋኸርዝ ስትወጡ ግን አይሆንም። ከጎን ለጎን የተቀመጡት የብረት መስመሮች ራሳቸው ጥቂት ፒኮፋራድ ካፓሲተር ናቸው፤ ረጅሙ የሽቦ እግርም ራሱን የቻለ ኮይል ነው። ሥዕሉ ላይ የሌለ ዕቃ ሰርኪዩታችሁ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ለኤፍኤም ሥራ ባዶ የመዳብ ቦርድ ቁራጭ ውሰዱ፤ መዳቡን በሙሉ ግራውንድ አድርጉት፤ ወደ ግራውንድ የሚሄዱትን እግሮች በቀጥታ እሱ ላይ ሶልደር አድርጉ፤ ቀሪውን በአየር ላይ በአጭር በአጭሩ አገናኙ። መልኩ አያምርም፤ ሥራው ግን ከብዙ ያማረ ቦርድ ይሻላል።

ሶልደሩ ከ25 እስከ 40 ዋት ይበቃል። የማቅለጫውን ጫፍ መጋጠሚያው ላይ አሳርፉና ሁለቱ ብረቶች እስኪሞቁ ጠብቁ፤ ሊዱን፣ ማለትም የሚቀልጠውን ሽቦ፣ የምትነኩት በመጋጠሚያው ላይ ነው፣ በማቅለጫው ጫፍ ላይ አይደለም። ደህና የያዘ መጋጠሚያ ያብረቀርቃል፤ ሊዱም ዙሪያውን ተዘርግቶ ይቀመጣል። ድቡልቡል ብሎ ፈዞ ከተቀመጠ አልያዘም፤ ዛሬ ቢሠራ ነገ ይቋረጣል። መስኮት ክፈቱ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ፤ ሊዱ ውስጥ እርሳስ አለ።

ሸገር 102.1ን ወይም ኤፍኤም አዲስ 97.1ን በክሪስታል መስማት እችላለሁ?

በዚህች ሬዲዮ አትችሉም። ኤፍኤም ድምፁን የሚሸከመው በሞገዱ ጉልበት መጠን ሳይሆን በፍሪኩዌንሲው መወዛወዝ ነው። ለዚያ ሌላ ዓይነት መለያ ያስፈልጋል።

ኤፍኤም ለመጀመር ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እንደ ቲዲኤ7000 ያለ ቺፕ ይዞ ከኮይሉ ጀምሮ ራስን መሥራት ነው። ሁለተኛው እንደ ቲኢኤ5767 ያለ ዝግጁ ሞጁል ገዝቶ ከአርዱይኖ (በፕሮግራም ከሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ) ጋር ማገናኘት ነው። ሁለተኛው ቶሎ ይሰማል፤ መማር ለሚፈልግ ግን የመጀመሪያው ይሻላል።

በኤፍኤም የሚሠራ ትንሽ ማሰራጫ ብሠራ ሕጋዊ ነው?

የምትኖሩበትን አገር ሕግ መጀመሪያ እወቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለሕዝብ የሚሰራጭ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም አለ፤ የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። «ትንሽ ናት፣ ከግቢ አትወጣም» የሚለው ክርክር ፈቃድ አይሆንም። ማሰራጫ አየር ላይ ከማዋላችሁ በፊት ጠይቁ። ከውጭ ማሰራጫ ያለበት ኪት (ራሳችሁ የምትገጣጥሙት የዕቃ ስብስብ) በሻንጣ ይዛችሁ ስትገቡም ጉምሩክ ላይ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድ ለኤፍኤም የተፈቀደው በ3 ሜትር ርቀት ላይ 250 ማይክሮቮልት በሜትር ነው፤ በተግባር ወደ 60 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ለራሱ የሚሠራ ሰው እስከ አምስት መሣሪያ ድረስ ያለ ምርመራ መሥራት ይችላል፤ ገደቡን ግን መጠበቅ አለበት። እንግሊዝ ውስጥ ለመኪናና ለቤት የሚሸጡ የኤፍኤም ማሰራጫዎች የተፈቀደላቸው 50 ናኖዋት ነው። አንዲት ሚሊዋት የዚህ 20,000 እጥፍ ናት፤ በ9 ቮልት የሚሠራ የአንድ ትራንዚስተር ማሰራጫም በቀላሉ ከሚሊዋት ያልፋል። በየቪዲዮው «ቀላልና ምንም ጉዳት የሌለው» ተብሎ የሚቀርበው ያ ሰርኪዩት በብዙ አገር ከገደቡ በላይ ነው።

የአንድ ትራንዚስተር ኤፍኤም ማሰራጫ እንዴት ነው የሚሠራው? እጄን ሳቀርብስ ለምን ጣቢያው ይሸሻል?

ትራንዚስተሩ ከሚያወጣው ጥቂቱን ወደ ራሱ መልሶ ስለሚወስድ ሳያቋርጥ ይወዛወዛል። ፍሪኩዌንሲውን የሚወስኑት እዚህም ኮይልና ካፓሲተር ናቸው። 5 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የእስክርቢቶ ቀፎ ላይ 5 ዙር ጠቅልላችሁ 5 ሚሊሜትር ርዝመት ብትሰጡት 0.1 ማይክሮሄንሪ አካባቢ ይሆናል። ከ25 ፒኮፋራድ ጋር 100 ሜጋኸርዝ ላይ ያደርሳችኋል። የማይክሮፎኑ ድምፅ የትራንዚስተሩን ውስጣዊ ካፓሲተር በጥቂቱ ስለሚለዋውጠው ፍሪኩዌንሲው ከድምፁ ጋር ይወዛወዛል። ኤፍኤም የሚሆነው በዚህ ነው።

እጃችሁን ስታቀርቡ የሚሸሸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰውነታችሁ አንድ ፒኮፋራድ ቢጨምር ከ25 ላይ 4 በመቶ ነው፤ ፍሪኩዌንሲውን 2 በመቶ ያወርደዋል፤ ያ ማለት 2 ሜጋኸርዝ። ከአንድ ጣቢያ ላይ ተነስታችሁ ሌላ ጣቢያ ላይ ተቀመጣችሁ ማለት ነው። ባትሪው ሲደክም፣ ክፍሉ ሲሞቅ፣ አንቴናው ሲወዛወዝም ይሄዳል። በብረት ቆርቆሮ ውስጥ ብታስቀምጡትና ቋሚ ቮልቴጅ ብትሰጡት ይሻሻላል፤ ሙሉ በሙሉ የሚረጋው ግን ፍሪኩዌንሲን የሚያጸና የኳርትዝ ክሪስታል (ከክሪስታል ሬዲዮ ጋር አይምታታባችሁ) ወይም ፒኤልኤል የሚባለው ፍሪኩዌንሲን የሚቆልፍ ሰርኪዩት ሲኖረው ነው።

ርቀቱን ለመጨመር ምን ላድርግ? ትልቅ ትራንዚስተር ልጨምር?

አትጨምሩ። የኤፍኤም ባንድ 108 ሜጋኸርዝ ላይ ያልቃል። ከዚያው ከ108 ጀምሮ እስከ 137 ድረስ የአቪዬሽን ነው፤ የማረፊያ መምሪያውም የአብራሪና የማማ ንግግሩም እዚያ ውስጥ ነው። ከላይ እንዳያችሁት ያልረጋ ማሰራጫ 2 ሜጋኸርዝ ለመሄድ እጅ ማቅረብ ይበቃዋል። ጉልበት ሲጨመርበት ደግሞ የፍሪኩዌንሲውን እጥፎች፣ 200ንና 300ን፣ ያለ ማጣሪያ አብሮ ይረጫል። ባለቤቱ በኤፍኤም ሬዲዮው ንጹሕ ድምፅ ስለሚሰማ ይህን አያውቅም።

ድምፃችሁ ርቆ እንዲሰማ የምትፈልጉ ከሆነ ትክክለኛው በር የአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ፈቃድ ወስደው በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች ሥራ ነው። በ5 ዋትና በሞርስ ምልክት (በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚላክ ፊደል)፣ ሞገዱ ሲያመች፣ ከአህጉር አህጉር መገናኘት የተለመደ ነው። አንድም ሰው ሳይረበሽ።

የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ እንዴት ይገኛል?

አገር በአገር ይለያያል፤ በሁሉም ዘንድ ግን ትምህርትና ፈቃድ ይቀድማል። የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክቶች በኢቲ ይጀምራሉ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ይባላል፤ የሚገኘው አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ ነው። ተማሪዎች እዚያ ሰርኪዩትም አሠራርም ይማራሉ። ኢትዮጵያን በሬዲዮ ማግኘት የሌላው ዓለም አማተሮች የሚጓጉለት ነገር ስለሆነ ጣቢያው ሲከፈት የሚጠራው ብዙ ነው።

አሜሪካ ላላችሁ መንገዱ ቀላል ነው። ቴክኒሺያን የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ነው፤ 26 ከመለሳችሁ አለፋችሁ። የሞርስ ፈተና ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። የጥያቄው ባንክም ለሁሉም ክፍት ነው።

ፒክሲ የሚባለውን ኪት ገዝቼ ገጣጠምኩ። አሁን ማሰራጨት እችላለሁ?

ፒክሲ ጥሩ መማሪያ ናት። በአንዲት ትንሽ ቦርድ ላይ መቀበያም ማሰራጫም አለ፤ የሞርስ ምልክት ታስተላልፋለች፣ ኃይሏም ከአንድ ዋት በታች ነው። መቀበያዋን ያለ ፈቃድ እየሰማችሁ ተማሩባት። ለማስተላለፍ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከፈቃዱም በኋላ የምታጠምድ አንድ ነገር አለች። ከብዙዎቹ ኪቶች ጋር የሚመጣው ክሪስታል 7.023 ሜጋኸርዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ7.000 እስከ 7.025 ያለው ኤክስትራ ለሚባለው ከፍተኛው የፈቃድ ደረጃ ብቻ የተተወ ስለሆነ ቴክኒሺያንም መካከለኛው ጄኔራልም እዚያ ማስተላለፍ አይችሉም። ክሪስታሉን ቀይሩት። ኢትዮጵያና አውሮፓ ባሉበት ክልል ግን 7.023 የሞርስ መደበኛ ቦታ ነው።

ማሰራጫዬ ንጹሕ መሆኑን ውድ መሣሪያ ሳልገዛ እንዴት ላረጋግጥ?

በመጀመሪያ አንቴና አታገናኙ። ሁለት የ100 ኦም ሬዚስተሮችን ጎን ለጎን አያይዛችሁ 50 ኦም ሥሩ፤ እያንዳንዱ የአንድ ዋት ይሁን፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ዓይነት ግን አይሁን፤ እሱ ራሱ ኮይል ነው። ኃይሉ ወደ አየር ከመውጣት ይልቅ እዚያ ሙቀት ሆኖ ያልቃል። ከሬዚስተሩ ላይ በዳዮድና በ10 ናኖፋራድ ካፓሲተር የሞገዱን ጫፍ ቮልት በቴስተር ለኩ። 10 ቮልት ካገኛችሁ 1 ዋት ነው፤ 7 ቮልት ከሆነ ግማሽ ዋት ያህል። ሲሊከን ዳዮድ ከተጠቀማችሁ 0.6 ጨምሩበት።

ከማሰራጫውና ከ50 ኦሙ መሀል ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ አስገቡ። ለ7 ሜጋኸርዝ በሰፊው የሚሠራበት ባለ ሰባት አባል ማጣሪያ 270፣ 680፣ 680 እና 270 ፒኮፋራድ ካፓሲተሮች፣ በመሀላቸውም 1.4፣ 1.7 እና 1.4 ማይክሮሄንሪ የሚጠጉ ኮይሎች አሉት። ከዚያ አጭር ሞገድ የሚይዝ ተራ ሬዲዮ አጠገቡ አስቀምጡና የ7 እጥፎችን 14 ላይና 21 ሜጋኸርዝ ላይ ፈልጉ። ከ24 ሜጋኸርዝ በላይ ያለውን፣ 28ንና 35ን፣ በኮምፒውተር ላይ በሚሰካው ትንሽ መቀበያ፣ በአርቲኤል ኤስዲአር ዶንግል፣ ታያላችሁ። ዶንግሉን በቀጥታ ማሰራጫው ላይ አትሰኩት፤ ይቃጠላል። አጭር ሽቦ አንቴና ሰጥታችሁ ጥቂት ሜትር አርቁት።

በጣም ሲቀርብ ዶንግሉ ራሱ ተጨናንቆ የሌለ ምልክት ይፈጥራል። እውነተኛውን ለመለየት ዶንግሉን ራቅ አድርጉት። የዋናው ምልክት ጉልበት ከቀነሰው ይልቅ ያኛው በብዙ ከወደቀ ወይም ጨርሶ ከጠፋ የዶንግሉ ስህተት ነው። ሁለቱ እኩል ከቀነሱ የማሰራጫችሁ ነው፤ የማጣሪያውን ኮይሎች ዙር ቆጥራችሁ እንደገና ሥሩ፤ አንቴናውን የምታገናኙት ከዚያ በኋላ ነው።